ዓሣውን ልልቀቀው ወይስ ለልጁ ልስጠው?

እጄ ላይ ያለው ዓሣ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ጀርባው የወይራ ቅጠል ይመስላል፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አለው፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ በጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቷል። ውኃው እጄን አደንዝዞታል። በግራዬ የቆመው የአጎቴ ልጅ «ልቀቀው! ልቀቀው እንጂ፣ ይሞትብሃል!» ይለኛል። በቀኜ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው እረኛ ዓይኑን ከዓሣው ሳይነቅል ቆሟል። ምንም አላለም። መናገርም አላስፈለገውም። ከኋላዬ ደግሞ አስጎብኚያችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ምን እንደማደርግ ዝም ብለው ያያሉ።

ቢበዛ አሥር ሰከንድ ነበረኝ። እኔ ግን ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ችግሩ ይሄ ነው።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ አሥር ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ግን ባሌ ተራራ ላይ፣ በጥር ውርጭ፣ ወንዝ ውስጥ ምን ልሠራ እንደገባሁ ልንገራችሁ።

ዝንብ ከአሜሪካ

የአጎቴ ልጅ የሚኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ነው። ለጥምቀት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከቸኮሌቱና ከጫማው ሌላ አንድ ረዘም ያለ ቱቦ ነበር። እናቴ ጃንጥላ መስሏት ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ሲከፈት አራት ቦታ የሚገጣጠም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሆኖ ተገኘ። ከእሱ ጋር ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ ውስጧ ከዶሮ ላባና ከክር የተሠሩ ጥቃቅን ዝንቦች ተደርድረዋል።

«ዝንብ ይዘህ ነው ከአሜሪካ የመጣኸው?» አለችው እናቴ። «እዚህ አጣን ብለን ልከንብሃል እንዴ?»

ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው ይሄ ነው። «ፍላይ» ዝንብ ማለት ነው። እኛ ሐዋሳም ሆነ ዝዋይ ዳር የምናውቀው ማጥመድ መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሥጋ ሰክቶ፣ ክብደት አስሮ መወርወር ነው። ክሩን ይዞት የሚሄደው ጫፉ ላይ ያለው ክብደት ነው። ፍላይ ፊሺንግ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ዝንቧ ላባ ስለሆነች ምንም አትመዝንም። ስለዚህ ክብደቱ ያለው ክሩ ራሱ ላይ ነው። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደፊት እያወዛወዘ ወፍራሙን ክር አየር ላይ ይዘረጋዋል፤ ዝንቧ ደግሞ ጫፉ ላይ በታሰረች፣ በቅጡ በማትታይ ቀጭን ክር ተከትላ ውኃው ላይ ታርፋለች። የቡሄ ጅራፍ አስቡ። ልዩነቱ ይሄኛው መጮህ የለበትም።

ለምን ይሄ ሁሉ ድካም? ምክንያቱም ትራውት የሚባለው ዓሣ በአብዛኛው የሚኖረው በነፍሳት ነው። ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ገልበጥ ብታደርጉ ሥሩ የተለጠፉ ትንንሽ ፍጥረታት ታያላችሁ። አድገው ክንፍ ያወጡና ከውኃው ይወጣሉ። ትራውቱ ታች ሆኖ የሚጠብቀው እነሱን ነው። አጥማጁ የሚሠራው ሥራ በአጭሩ፣ የዶሮ ላባ ነፍሳት ነው ብሎ ዓሣን ማሳመን ነው።

«እዚህ አገር ትራውት አለ፣ ባሌ ውስጥ» አለን የአጎቴ ልጅ። አላመንኩትም። ስልኬን አወጣሁና ፈለግኩ። እውነቱን ነው።

ወረቀት የሌለው እንግዳ

ትራውት የእኛ አገር ዓሣ አይደለም። እኔ የያዝኩት ዓይነት፣ ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው፣ አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻና የሩሲያዋ ካምቻትካ ነው። ቡናማው ትራውት ደግሞ በዋናነት የአውሮፓ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ለመዝናኛቸው ብለው ኬንያ ደጋ ወንዞች ውስጥ አስገቧቸው። ከኬንያ ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ወደ ባሌ መጡ። የባሌን ውኃ አገራቸው አደረጉት፤ እዚያው እየተራቡ ይኸው እስከ ዛሬ አሉ።

ለምን ባሌ? ትራውት ቀዝቃዛና ንጹህ ውኃ ካላገኘ አይሆንለትም። የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ 25 አካባቢ ሲደርስ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፣ ትራውት ደግሞ ኦክስጅን ላይ አይደራደርም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ከፍታ የሚወርዱ ጅረቶች ለትራውት ቪላ ቤት ናቸው ማለት ነው።

ሄድን። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ዋና ቢሮ ያለው ዲንሾ ነው፤ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ኒያላ ከጥዱ ሥር ሲግጥ ታያላችሁ። ፈቃድ አወጣን፣ ፈረስ ተከራየን፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አስጎብኚ ተሰጡን። ከዚያ በእግር ወደ ዌብ ሸለቆ።

ዓሣው ያየኛል

የመጀመሪያው ቀን ውጤት፦ ዜሮ።

የትልቅ ወንዝ ማጥመድና የትንሽ ጅረት ማጥመድ አንድ አይደለም። ጅረቱን አንዳንዱ ቦታ ላይ ዘልዬ እሻገረዋለሁ። ውኃው ደግሞ እንደ መስታወት ነው። እኔ ዓሣውን ካየሁት እሱ እኔን ቀድሞ አይቶኛል። ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ስለዚህ ከበታቹ፣ ከጀርባው በኩል መቅረብ አለባችሁ። ጥላችሁ ውኃው ላይ ከወደቀ አለቀ። እግራችሁ ድንጋይ ካንኳኳ አለቀ። እኔ ቀኑን ሙሉ በጉልበቴ ስድህ ዋልኩ፤ ከእኔ ይልቅ ፍልፈል ሊያድን የወጣው ቀይ ቀበሮ የተሻለ ክብር ነበረው።

ሌላው ጣጣ ደግሞ አለ። ዝንቧ ውኃው ላይ ካረፈች በኋላ ልክ እንደ ቅጠል፣ ከውኃው እኩል መንሳፈፍ አለባት። ክሩ ከጎተታትና ውኃውን ሰንጥቃ ከሄደች ዓሣው ይነቃል። እውነተኛ ነፍሳት እንደ ሞተር ጀልባ አይሄድማ።

ከሰዓት በኋላ ታጥፎ በሚሄደው ጅረት ዳር ያንን እረኛ አገኘነው። ላሞቹ ውኃ ይጠጣሉ። እሱ አስጎብኚያችንን ሲያይ አንድ ነገር ቶሎ ብሎ ሣር ውስጥ ከተተ። ጋሼ ሳቅ አሉና በኦሮምኛ አናገሩት። ልጁ እያፈረ አወጣው፦ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ጫፉ ላይ የናይለን ክር፣ ክሩ ላይ መንጠቆና ትል። አጠገቡ በሣር የተጠቀለሉ ሁለት ዓሣዎች።

እኛ ፈቃድ፣ ከዴንቨር የመጣ ዘንግና የሁለት ቀን በጀት ይዘን ዜሮ። እሱ ዱላውን ደብቆ ሁለት።

አሥሩ ሰከንድ

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ሳንጠራው መጣ። እኔም በመጨረሻ፣ ትልቅ ድንጋይ ውኃውን ለሁለት ከሚከፍልበት ሥር ዝንቧን በትክክል አሳረፍኳት። ውኃው ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ክብ ተፈጠረች። ዘንጉን አነሳሁ። ክሩ ነፍስ ዘራ። ልጁ «ቁርጡሚ!» ብሎ ጮኸ፤ በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው።

እና ያ አሥር ሰከንድ መጣ።

የአጎቴ ልጅ ሕጉ ግልጽ ነበር፦ ይዘህ ትለቃለህ። እሱ የተማረው እንደዚያ ነው። ለእሱ ዓሣውን መልቀቅ ክርክር የማያስፈልገው ደግነት ነው። ልጁ ደግሞ የሚያየው ራት ነው። አንድ ሰው ከሩቅ አገር ዘንግ አስመጥቶ፣ ብር ከፍሎ፣ ተንበርክኮ ዓሣ ከያዘ በኋላ መልሶ ወንዝ ውስጥ መጣሉ ለእሱ ደግነት ሳይሆን እብደት ነው።

እኔ እያሰብኩ ዓሣውን ከውኃው አወጣሁት። በደረቀው በሌላው እጄም ያዝኩት። ሁለቱም ስህተት ነው። የትራውት ገላ ከበሽታ የሚከላከልለት ቀጭን የሚያዳልጥ ሽፋን አለው፤ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። ከውኃ ውጭ የሚቆይበት እያንዳንዱ ሰከንድም ለእሱ ውኃ ውስጥ የተደፈቀ ሰው ትንፋሹን ይዞ እንደሚቆይበት ሰከንድ ነው። በመጨረሻ «በቃ ልልቀቀው» ብዬ ውኃው ውስጥ ሳስገባው በጎኑ ተጋደመ። ቀና አላለም። ወንዙ ቀስ እያለ ወሰደው።

ልጁ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፣ ዓሣውን አነሳ፣ ሣር ውስጥ ጠቀለለው። ማንም ምንም አላለም። የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፤ ማመንታቴ ወሰነልኝ። ሁለት አማራጭ ነበረኝ፣ እኔ ሦስተኛውንና የከፋውን መረጥኩ፦ ዓሣው ተሰቃይቶ ሞተ፣ ልጁም እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ትርፍራፊ አገኘው።

መልቀቅ ሁልጊዜ ደግነት ነው?

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ይሄንኑ ስናወራ የአጎቴ ልጅ ራሱ ነገሩን አወሳሰበው።

የኮሎራዶ ግዛት ዓሣ ግሪንባክ ከትስሮት የሚባል የትራውት ዘር ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ጠፍቷል ተብሎ ነበር። ካጠፉት ነገሮች አንዱ ሰዎች ለመዝናኛ ብለው ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሯቸው ሌሎች የትራውት ዓይነቶች ናቸው። በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ንጹህ ዘሩ የተረፈው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ባለች በአንዲት ትንሽ ጅረት ውስጥ ብቻ መሆኑን አሳየ። አሁን ግሪንባኩን ወደ ጅረቶቹ ለመመለስ፣ መጤዎቹን ትራውቶች ቀድመው ከውኃው ያጸዳሉ። ማለትም እዚያው «ልቀቀው» የሚባልበት አገር ውስጥ፣ እንደ ጅረቱ ሁኔታ፣ ትክክለኛው ነገር አለመልቀቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ቀስተ ደመና ትራውትም ሆነ ቡናማው፣ በዓለም ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሱ 100 መጤ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች፣ ዓሣ ያልነበረባቸው ሐይቆች ውስጥ ትራውት ሲገባ የአካባቢው እንቁራሪቶች ተመናመኑ፤ ትራውቱ እንጭጮቹን ይበላቸዋል። ተመራማሪዎች ከአንዳንዶቹ ሐይቆች ትራውቱን ሲያወጡ እንቁራሪቶቹ መልሰው በዙ። ባሌ ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ እንቁራሪቶች አሉት። ስለዚህ «ትራውት ቱሪስት ካመጣ ለምን ሌላው ጅረት ውስጥም አንጨምረውም?» የሚል ብልጥ ካለ፣ መልሱ አይሆንም ነው። ያለው ይበቃል።

እንግዲህ ባሌ ውስጥ ዓሣ ስለቅ ተፈጥሮን አዳንኩ ብዬ ደረቴን መንፋት አልችልም። የማድነው መጤውን ነው። ታዲያ ለምን እለቃለሁ?

መልሱን ያገኘሁት ከጋሼ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ዓሣ አልበላም» አሉና እንጨት ጨመሩ። «ለእኔ ዓሣው ሥጋ አይደለም፣ ሥራ ነው። ብትበላው የአንድ ቀን ነው። ብትለቀው ነገ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ ፈረሱም ይከራያል፣ እኔም እሠራለሁ።»

«ስለዚህ ይለቀቅ?»

«ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም። እዚህ ወንዝ ዳር በየቀኑ የሚውለው ማነው? አንተ ነህ? እሱ ነው። ከብቱን የሚያጠጣው እሱ ነው። ልጁ ሁልጊዜ የሚያየው እንግዳ ዓሣ ሲይዝና መልሶ ሲጥል ብቻ ከሆነ፣ ወንዙን ለምን ብሎ ይጠብቅልሃል?»

በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ እንደዚህ ጥርት ያለ ነገር የሰማሁበት ሌክቸር ትዝ አይለኝም።

ነገሩ የዓሣ ብቻ አይደለም። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በጅራቱ ጠጠር ቆፍሮ ነው። ንጹህ ውኃ በጠጠሩ መሀል ካላለፈ እንቁላሉ ይታፈናል። ከብት በአንድ ቦታ በብዛት ሲገባ ዳርቻው ይፈርሳል፣ አፈሩ ይወርዳል፣ ጠጠሩ በደለል ይደፈናል። ልጁ ላሞቹን ወደ ውኃው የሚያስገባው በየት በኩል እንደሆነ፣ ከእኔ መልቀቅና አለመልቀቅ ይልቅ ለዓሣው ትልቅ ጉዳይ ነው። ለሰውም እንደዚያው። ይሄ የዌብ ውኃ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፣ ከገናሌ ተቀላቅሎም በጁባ በኩል እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ደስ ብሎን ሼር አድርገናል፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ውኃ በየዕለቱ በእግሩ የሚረግጠው ግን ያ ልጅ ነው።

ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። የጋራ ሀብት የግድ ወይ በመንግሥት ወይ በግል ካልተያዘ ይጠፋል የሚለውን ሐሳብ ፈትናው፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ግጦሽን፣ ደንንና ዓሣን ለረጅም ዘመን ጠብቀው ያቆዩባቸውን ቦታዎች አሳየች። አንዱ ቁልፍ ነገር፣ ሀብቱን የሚጠብቀው ሰው ከሀብቱ ድርሻ ሲኖረው ነው። ጋሼ ይሄንኑ በጋቢ ተከናንበው ነገሩኝ።

የጋሼ ደንብ

በሦስተኛው ቀን፣ ከመመለሳችን በፊት ያለችዋን ግማሽ ቀን፣ በጋሼ ደንብ አጠመድን። ደንቡ አጭር ነው፦ ትልቁ ይለቀቃል፣ ከትንንሾቹ ፈቃዱ እስከሚለው ድረስ ለልጁ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ እኛ የለመድነው ትንሹ ይደግ፣ ትልቁ ይበላ ነው። ሲታሰብ ግን ልክ ናቸው። ትልቋ ሴት ዓሣ ከትንሿ እጅግ የበዛ እንቁላል ትጥላለች። ከሩቅ ብር ከፍሎ የሚመጣው እንግዳም የሚመጣው ትልቁን አያለሁ ብሎ ነው።

እኔና የአጎቴ ልጅ በድምሩ አራት ያዝን። ሁለቱን ውኃ ውስጥ እንዳሉ፣ እጃችንን አርሰን፣ ፎቶ ሳናነሳ ለቀቅን። ሁለቱን ቶሎ ገድለን ለልጁ ሰጠነው። በዚህ ጊዜ ሳይጠብቅ፣ ሳይለምን፣ ድርሻው ስለሆነ ተቀበለ። ወጪያችንን ሁሉ ደምሬ በያዝናቸው ዓሣዎች ስካፍለው አንዱ ትራውት ከአንድ የፋሲካ ዶሮ በላይ አወጣን። በኪሎ ካሰባችሁት ከስረናል። አብዛኛው ብር ግን የገባው ዲንሾ ኪስ ውስጥ ነው፤ ዓሣው ገበያ ወጥቶ ቢሸጥ ይሄን ሩብ አያመጣም።

ልንለያይ ስንል ልጁ እጄን ይዞ ወደ ታች ወሰደኝ። ዳርቻው ከሥሩ ተቦርቡሮ ጣሪያ የሠራበት ጥልቅ ቦታ ነበር። በደረታችን ተኛን። ብዙ ከቆየን በኋላ ከጥላው ውስጥ አንድ የክንዴን ግማሽ የሚያክል ቡናማ ትራውት ቀስ ብሎ ወጣ፣ አንድ ነገር ቀለበና ተመለሰ። ልጁ በጆሮዬ አንሾካሾከ። ጋሼ በኋላ ተረጎሙልኝ፦ ሁለት ዓመት ሞክሮት እንዳልተያዘለት ነው የነገረኝ። ላሞቹንም እዚያ ጋ አያስገባቸውም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከክረምቱ በኋላ ውኃው ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ወፍራም ልብስ ያዙ። ፈቃድ ዲንሾ ታወጣላችሁ፤ ስንት ማስቀረት እንደሚቻልም እዚያው ጠይቁ። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ስትለቁ ዓሣውን አያቆስልም። እጃችሁን አርሱ። የምትለቁ ከሆነ ወዲያው ልቀቁ፣ የምትገድሉ ከሆነ ወዲያው ግደሉ። መሀል ላይ ቆማችሁ አታስቡ፤ እኔ አስቤላችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከጋሼ የቴሌግራም ድምፅ መጣልኝ። ሰላምታው ብቻ አንድ ደቂቃ ነው። ቀጥለው «ልጁ ሰላም ብሎሃል» አሉኝ። «ትልቁ አሁንም አለ በልልኝ ብሎኛል።»